የኢብሮ ሳጥን መማሪያ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሐያት ሳሊም
መርካቶ፣ አዲስ አበባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የመጽሐፍ ሱቁስ? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤሽን ሱፍዋን ትናንት አደረሰልኝ። ይህ ሰው ሚኒባሱን ሲነዳ እንደ እብድ ነው፣ ለመልእክት ግን ታማኝ ነው።

«የአኮርዲዮን መማሪያ አለኝ፣ አይሆንዎትም ወይ?» ላልሽኝ፣ አይሆነኝም ልጄ። አኮርዲዮን ዘመናይ ነው፣ ደረት ላይ ይታዘላል። የኔዋ በሁለት መዳፍ የምትያዝ፣ ስድስት ጎን ያላት ትንሽ ሳጥን ናት። መሃሏ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የተጣጠፈ ቆዳ ነው፣ በሁለቱ ጫፎቿ ቁልፎች ተደርድረውባታል። ፈረንጆቹ ኮንሰርቲና ይሏታል፤ እኛ አገር ግን ስሟ «የኢብሮ ሳጥን» ነው። ጠባይዋ ክፉ ነው። አንዱን ቁልፍ ተጭነሽ ስትገፊያት አንድ ድምፅ ትሰጥሻለች፣ ያንኑ ቁልፍ ይዘሽ ስትስቢያት ደግሞ ሌላ። ያለ መጽሐፍ አትገባም። ሞክሬ አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ ፍየል የማርድ መስሎት ቢላ ይዞ ሊያግዘኝ መጣ።

ኢብሮ ማን ነው ብለሻል። ኢብሮ ጓደኛዬ ነበር። በልጅነቱ መንገድ ለሚሠራ ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ምግብ ያበስል ነበር፤ ሰውየው አገሩ ሲገባ ሳጥኗን ትቶለት ሄደ። ከዚያ ወዲያ በይፋት ቆላ ያለ ኢብሮ ሰርግ አልነበረም። እኔ ሚስቴን ነዒማን ከማጀቴ ከተማ አግብቼ ያመጣኋት ለት፣ ልጃገረዶቹ የሙሽራ መሸኛውን ሲሉ፣ ዜማውን በሳጥኗ ተቀብሎ እየተጫወተ ከፊታችን ከፊታችን የሄደው እሱ ነው። በኮሮናው ዓመት ሞተ፣ አላህ ይዘንለትና። ሳጥኗን ለኔ ተናዘዘልኝ። ምን ሊያደርግልኝ እንደሆነ እንጃ፣ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጣ አቧራ ስትጠጣ ከረመች።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ነዒማ ባመቱ፣ አረፋ በመጣ ቁጥር፣ «ያቺን ዜማ አንድ ጊዜ ብሰማት» ትላለች። ጠይቃኝ አታውቅም፤ ለራሷ ነው የምትለው። እኔም በሆዴ፣ ከርሞ እማርና አጫውታታለሁ ስል ዘመን አለፈ። ደብረ ብርሃን ያየኝ ሐኪም የጆሮዬ ነርቭ እየሞተ ነው አለኝ። መድኃኒትም፣ ጆሮ ላይ የሚሰካውም ዕቃ አይመልሰውም። ዓመት ሳይሞላ ጨርሶ ይዘጋል። ዜማዋ ጭንቅላቴ ውስጥ አለች፤ ግን ከየትኛው ቁልፍ እንደምትወጣ በጆሮዬ እየለየሁ ነው የማገኛት። ጆሮዬ ከሄደ በኋላ መጽሐፉ ቢመጣ ለደንቆሮ መስታወት እንደ መስጠት ነው፤ አይ፣ እሱስ ለዕውር ነው። ብቻ ገብቶሻል። መጽሐፉ ከጆሮዬ መቅደም አለበት።

ስልክ ለምን አልደወሉም ያልሽውን አሁን መልሼልሻለሁ። በስልክ ጽሑፍ ልላክልዎ ያልሽው ደግሞ አይሆንም፤ የስልክ ፊደል ለዓይኔ ጉንዳን ነው፣ የምታነብልኝ ነዒማ ናት። ነዒማ ደግሞ የጆሮዬንም የመጽሐፉንም ነገር አታውቅም። ካወቀች ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ ስታለቅስ ማየት አልችልም። ስለዚህ በሱፍዋን ብቻ።

አላህ ያበርታሽ።

ሱሌይማን አብዱልሰመድ

————

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሱሌይማን

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ። መልሴ ስለዘገየ አፉ ይበሉኝ። ባዶ እጄን መጻፍ አፍሬ ነው የቆየሁት።

የመጽሐፍ ነጋዴ የሚባል አላስቀረሁም። ምናለሽ ተራን ገልብጬ አይቻለሁ። አንዱ «ኮንሰርቲና የምን አገር ከተማ ናት?» አለኝ፤ ሌላው የጊታር መማሪያ ሊሸጥልኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ለመነኝ። በኢንተርኔትም ፈለግሁ። ያሳተመው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፣ መልሶ የሚያትመውም የለም። አንድ የውጭ አገር ሰው አለኝ ብሎ ነበር፣ ስጽፍለት ለራሱ ነው የሚፈልገው።

ተስፋ ቆርጬ ማታ ለአባቴ አጫወትኩት። ሱቁ የሱ ነበር፣ ጋሼ፤ አሁን አልጋ ላይ ነው። ሰው ሲመጣ ዓይኑን አይገልጥም፣ መጽሐፍ ሲጠራ ግን ብድግ ይላል። «በዕድሜዬ ሁለት ገብቶልኛል» አለኝ። አንዱን አይጥ በላው። ሁለተኛውን ለአንድ የይፋት ጎረምሳ ሸጠው። ልጁ የወርቅ ጥርስ ነበረው፣ ሲስቅ ሱቁን ያበራው ነበር ይላል አባቴ። «ማንም እንዳያይብኝ በጋዜጣ ጠቅልልልኝ» ብሎ ከብብቱ ሥር ደብቆት ወጣ። ያገርዎ ሰው ነውና ምናልባት ያውቁት ይሆን?

ሌላም አለኝ፣ ቢቆጡም እናገራለሁ። ከእትዬ ነዒማ ጆሮዎን እስከ መቼ ነው የሚደብቁት? እኔም ሴት ነኝ፣ ሚስት የማታውቀው ነገር የለም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ሐያት

————

ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሐያት፣ ሰላምታዬ እንደወትሮው ይድረስሽ።

ኢብሮ! ኢብሮ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል! በይፋት ምድር በዚያ ዘመን የወርቅ ጥርስ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ጮህኩ፤ ነዒማ ምን ነካህ አለችኝ መሰለኝ፣ እባብ አየሁ አልኳት።

ይህ ሰው ምን ይል እንደነበር ታውቂያለሽ? «በሕልሜ ነው የተሰጠኝ» ይል ነበር! አንድ ሌሊት ተኝቼ ነጭ የለበሰ ሰው ጣቶቼን እየያዘ አሳየኝ፣ ጠዋት ስነሳ ቻልኩት ብሎ ለአገሩ ሁሉ አውርቷል። እኛም አመንን! እኔማ በየሰርጉ «የኛ ኢብሮ እኮ ሳይማር ነው» እያልኩ ደረቴን ስነፋ ኖርኩ። አንድ ቀን አስተምረኝ ብዬ ብጠይቀው «ይህ ከላይ ካልተሰጠ አይሆንም ሱሌይማን» ብሎ አዘነልኝ፣ ወላሂ። ለካ መጽሐፉ ብብቱ ሥር ነበር። አይ ኢብሮ! ቢነሳልኝና አንድ ጊዜ ብመታው፣ ከዚያ አቅፌው ባለቅስ ደስ ባለኝ።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይላሉ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን። አንቺ ፈረንጅ አገር ድረስ ስትፈልጊው መጽሐፉ እኛው ጓሮ ነበር። እህቱ ሐምዲያ አሊዩ አምባ፣ ባባታቸው ቤት አለች። መንገዱ ሰላም ሲሆን እሄዳለሁ። ነዒማን ለቅሶ ልደርስ ነው እላታለሁ።

የጆሮዬን ጠይቀሻል። ያለፈው ጁምዓ የፈጅር አዛን አልሰማሁም። ነዒማ እግሬን ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። ሚስት የማታውቀው የለም ያልሽው ልክ ነው፣ የኔዋ ግን የዋህ ናት፣ ምንም አልጠረጠረችም።

አባትሽን እጅ ነስቷል በይልኝ። ኢብሮን ያጋለጠው እሱ ነው።

ሱሌይማን

————

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐያት

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጉድ ነው የምጽፍልሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ሄድኩ። በደብረ ብርሃን ዞሬ፣ ከአንኮበር ቁልቁል ወርጄ አሊዩ አምባ ገባሁ። ጉልበቴ እስካሁን ይረግመኛል። ሐምዲያ አርጅታለች፣ አፏ ግን አላረጀም። «ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ዛሬ ገና ትዝ አልኩህ?» ብላ እያለቀሰች ሰደበችኝ፤ እውነቷን ነው። መጽሐፉን ስጠይቃት ግንባሯን መታች። አባታቸው ሼህ ነበሩ፣ ብዙ ኪታብ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ነበራቸው። ኢብሮ ደግሞ መማሪያውን አባቱ እንዳያዩበት ልክ እንደ ኪታብ በፍየል ቆዳ ለብጦ ከኪታቦቹ መሃል ሸጉጦት ኖሯል። እሱ ሲሞት ምስጥ ቤቱን ያዘው። ሐምዲያ ፊደል አትለይም። ፊደል ያለበት ወረቀት አይረገጥም፣ አይጣልም፤ ስለዚህ በቆዳ የተለበጠውን ሁሉ አቅፋ መስጊድ አስረከበች።

በመስጊዱ ጎን ያረጁ ኪታቦች የሚያርፉባት ትንሽ ክፍል አለች። ጠባቂው ከቢር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው «እንዲህ ያለ ነገር እዚህ የለም» አሉኝ በቁጣ። ግዴለም፣ የኢብሮን ቤት ኪታቦች ብቻ አሳዩኝ አልኳቸው። አንዱን ለብቻው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡት።

«ይህቺን እንኳ ለብቻዋ ነው ያኖርናት። ከሁሉም የከበረች ናት» አሉኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ነው የሚጮሁልኝ። «ጽሕፈቷን ያነበበ ሰው የለም። አምስት አምስት መስመር፣ በመስመሩ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ነጥቡ ጭራ ያለው። አንድ ትልቅ ዓሊም መጥተው አይተው፣ የጥንት ነው፣ እኔም አልደረስኩበትም ብለው ሄዱ። ሰዉ እየሳማት ነው የሚያልፈው።»

ገለጥኩት። ያው ነው። ኮንሰርቲናን በሁለት መዳፍ እንዴት እንደሚይዟት የሚያሳይ ሥዕል አለበት፤ ሳጥኗ ደብዝዛ እጆቹ ብቻ ቀርተዋል። «ይህስ ሥዕል?» ብላቸው፣ «እሱማ ዱዓ የሚያደርግ ሰው እጅ ነው» አሉኝ።

ሐያት፣ መሳቅ ፈራሁ። መሳቅም ነውር ነው፣ አለመሳቅም አቃተኝ። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ከቢር ሥዕሉን ዳግመኛ አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው! ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ኢብሮ! ኢብሮ! ሞተህም አልተውከን!» ይላሉ።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ኮስተር አሉ። እዚህ የገባ ለጨዋታ አይወጣም አሉኝ። ለምን ፈለግኸው ሲሉኝ እውነቱን ተናገርኩ። የጆሮዬን ነገር ካንቺ ሌላ ለሰው ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንገቴን ደፍቼ ነው የነገርኳቸው።

«ለሚስትህ ነው?»

«ለሚስቴ ነው።»

በጋቢያቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉት። «ውሰደው» አሉ። «ይህን ያህል ዘመን ስንስመው የኖርነው በከንቱ አይሁን።»

ይኸው አሁን ፊቴ ነው። ግን እንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛዬ ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ አያልፍም። በየቁጥሩ አጠገብ ቀስት አለ፣ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቀድቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፣ ትርጉሙን ጻፊልኝ። አደራ ቶሎ። ቀኝ ጆሮዬ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የወንዝ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

አባትሽ እንዴት ናቸው? ይህን ታሪክ አንብቢላቸው፣ ይስቃሉ።

ሱሌይማን

————

አዲስ አበባ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሱሌይማን

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሌሊት ቁጭ ብዬ ተረጎምኩት። ሱፍዋን ነገ እንዳያመልጠኝ ስል ሰላምታውን አሳጥሬያለሁና ይቅር ይበሉኝ።

ቁጥሩ የቁልፉ ነው። ከአውራ ጣት ወዲያ ካለው ጣት ይጀምራል። ቀስቱ ወደ ውስጥ ሲያመለክት ይግፉ፣ ወደ ውጭ ሲያመለክት ይሳቡ። በግራና በቀኝ መዳፍ ላይ የሚያልፈው ቆዳ እጅዎን አጥብቆ ይያዝ፣ አለበለዚያ ጣት ይስታል ይላል። ደግሞ አንድ ቦታ እንዲህ ይላል፤ «ተማሪው አይቸኩል፤ ጣት የለመደውን ጆሮ ቢረሳ ጣት አይረሳም።» እኔ የጨመርኩት እንዳይመስልዎ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ።

የተረፈውን ገጽ አከታትዬ እልካለሁ። የከቢርን ታሪክ አንብቤ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ደንበኛ ፈርቶኝ ወጣ።

የአባቴን ጠይቀዋል። ሰላምታዎን አድርሻለሁ።

ልጅዎ ሐያት

————

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺ ልጅ!

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሱፍዋን ለዒድ መጥቶ ነገረኝ። አባትሽ የሞቱት ገና በጥር መባቻ ነው አለ። በጥር! እኔ «ያንብቡት፣ ይስቃሉ» እያልኩ ስጽፍልሽ አፈር ገብተው ነበር። አንቺ ደግሞ «ሰላምታዎን አድርሻለሁ» ትይኛለሽ! በየትኛው መንገድ ነው ያደረስሽው? ለምን ደበቅሽኝ? እኔ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ አልችልም? አንቺ ሐዘን ላይ ሆነሽ ቀስት ስትተረጉሚልኝ፣ እኔ ቶሎ ቶሎ እያልኩ ሳጣድፍሽ ከረምኩ። አፈርኩ። ተቆጣሁም። በዚህ በረመዳን ሳፈጥር ሳፈጥር ያሽራቸው እያልኩ ዱዓ ሳደርግ ነበር፤ ጀነትን ይወፍቃቸው።

ከሚስቱ የደበቀ ሰው በምን አፉ ይቆጣል ትይኝ ይሆናል። በዪ፣ ይገባኛል።

ስለ ሥራዬ ልንገርሽ፣ ልምምዱ የሽንኩርት መጋዘኑ ውስጥ ነው። ነዒማን ሽንኩርት ልገለብጥ ነው እያልኩ እገባለሁ። ሽንኩርት በቀን ስንት ጊዜ ይገለበጣል ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፣ ደግ ሴት ናት። ቀኝ ጆሮዬ ተዘግቷል። በግራው፣ ሳጥኗን አገጬ ሥር አጣብቄ ስጫወት ከሩቅ ይሰማኛል። ክንዴ ይዝላል፣ ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ሲገፉት ይታገላል። የዜማዋን መጀመሪያ በረመዳን ዋዜማ አገኘሁት። መካከሉን በጾሙ ውስጥ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው መታጠፊያ ግን እንቢ አለች፤ ስገፋ የለችም፣ ስስብ የለችም። በእልህ አለቀስኩ ብልሽ አትሳቂብኝ። የዒዱ ማግስት፣ ሌላ ቁልፍ ስፈልግ ጣቴ ተንሸራቶ ወደቀባት። እሷ ናት! ሁለት ጊዜ ደገምኳት፣ እሷው ናት። ዘልዬ ሽንኩርቱ ላይ ወደቅሁ።

ያን ለት የሰማሁት የመጨረሻ ጥሩ ድምፅ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ግራውም እየሄደ ነው።

አባትሽን ባላውቃቸውም ባለውለታዬ ናቸው። ከእንግዲህ አባት የለኝም እንዳትዪ። ቆላ ነው እንጂ ቤት አለሽ።

ሱሌይማን

————

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሱሌይማን

ቢቆጡኝ ይገባል። ደብዳቤዎን አንብቤ ካባቴ ቀብር ወዲህ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ፤ ቀለል አለኝም።

ለምን እንደደበቅሁዎ እውነቱን ልንገርዎ። ከመሞቱ በፊት በነበሩት ቀናት ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እርስዎ ነበር። «የይፋቱ ሰውዬ መጽሐፉን አገኘው?» ይላል። ሳይሰማ ሄደ። ለእርስዎ ስጽፍ፣ እርስዎም ሰላም በይልኝ ሲሉኝ፣ ገና ቤት ተኝቶ መልሱን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ሞቷል ብዬ ብጽፍልዎ እሱም ያበቃል ብዬ ፈራሁ። የአሊዩ አምባውን ደብዳቤ መቃብሩ ዳር ቁጭ ብዬ አንብቤለታለሁ። ሰላምታዎን አድርሻለሁ ያልኩት ስለዚህ ነው፤ አልዋሸሁም።

አረፋን የሚጠብቁ መሰለኝ፤ ለምን ዛሬውኑ አያጫውቷቸውም? ሳጥኗን ከሙቀት ይጠብቋት፣ መጽሐፉም ይላል። ዜናውን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ሐያት

————

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐያት

ተዘጋ። ጭጭ አለ። ሰኞ ዕለት ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። ነዒማ አፏ ሲንቀሳቀስ እሺ እላለሁ። አንዳንዴ እሺ የማይባልበት ቦታ ነው መሰለኝ ትስቃለች። ስትስቅ ጥርሷን እያየሁ፣ ሳቋ እንዴት ነበር እያልኩ በልቤ እፈልገዋለሁ። እስካሁን አገኘዋለሁ።

ለምን ዛሬውኑ አያጫውቷቸውም ብለሽኛል። በአረፋ ነው የምትመኛት፣ በአረፋ ትስማት። ልጄ ፈይሰል ከነሚስቱ ይመጣል፣ ጎረቤቱም ይሰበሰባል። ጣቴ እንደሆነ ለምዷል፣ መጽሐፍሽ አልዋሸም። ዘንድሮ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ መጋዘኑ ምድጃ ሆኗል፣ እኔ ግን አንድ ቀን አልቀረሁም። ደግሞ ደስ የሚለው፣ ያ ክንዴን ያዝል የነበረው ነገር ጠፍቷል። ሳጥኗ እጄ ላይ ቅልል ብላልኛለች። ልምድ ማለት ለካ ይህ ነው!

አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል። ብስት ማን ይነግረኛል? ነዒማ እንደሆነች ልቤን ላለመስበር ጥሩ ነው ትላለች ብዬ እፈራለሁ። ፊቷን አያለሁ። ፊቷ አይዋሸኝም።

ዱዓ አድርጊልኝ።

ሱሌይማን

————

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐያት ሳሊም

እኔ ነዒማ ነኝ። የምጽፈው ራሴ ነኝ፣ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ጽሕፈት ነውና ጠማማነቱን ቻዪው። አታውቂኝም፣ እኔ ግን ከኅዳር ጀምሮ አውቅሻለሁ። ሱፍዋን የእህቴ ልጅ ነው። ደብዳቤ ይዞ በደጄ ሲያልፍ ምን ይደብቀኛል? ያባትሽንም ሞት የነገረኝ እሱ ነው፤ አላህ ጽናቱን ይስጥሽ። ደብዳቤያችሁን ግን ከፍቼ አላነበብኩም፣ ስለ አላህ።

ስለ አረፋ ጠይቀሽው ኖሯል። እሱ አገር የሚያህል ደብዳቤ እየጻፈልሽ ነው፣ አይቼዋለሁ። የሱ ሳይደርስሽ የኔን አንብቢ።

ጆሮው እንደሚሄድ ካወቅሁ ዓመት አልፎኛል። እሱ ሳያውቅ በፊት ነው ያወቅሁት። በስተግራው መቀመጥ የጀመርኩት ለምን መሰለው? ልምምዱንም ሰምቼዋለሁ፤ መጋዘኑ እኮ የጭቃ ግድግዳ ነው! ደጅ ማሾ እየለቀምኩ፣ ሲስት እየሳቅሁ፣ መታጠፊያዋን ያገኛት ለት አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። ሊያስደስተኝ ነው የሚደክመው፣ ደስታውን ለምን ልቀማው? ዝም አልኩ።

ከዚያ ግንቦት ገባና ሙቀቱ ሲበረታ የሳጥኗ ድምፅ መቀጠን ጀመረ። የቆዳው ሙጫ ቀልጦ አየር ያሾልካል። እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ከአረፋ በፊት ጨርሶ ጠፋ። የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ፉ… ፉ… ይላል። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ይጫወታል። ልንገረው አላልኩም? በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ፊቱን አይቼ ተመለስኩ።

አረፋ ዕለት ከዓሱር ሶላት በኋላ ቤቱ ሞላ። ሳጥኗን ይዞ ወጣ፣ ሽቶ ተቀብቷል። በዚያ የሚጮህ ድምፁ፣ አሁን ራሱን ስለማይሰማ ይጮሃል፣ «ነዒማ፣ ይህ ያንቺ ነው» አለ። ጀመረ። ፉ… ፉ…

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ፈይሰል ሊያስቆመው ብድግ አለ። ጨርቁን ይዤ ጎትቼ አስቀመጥኩት። የሱሌይማን ጣቶች እኮ ዜማዋን እየሄዱባት ነው! አንድም አልሳተ። ያቺን ዜማ የማውቅ ሰው ከጣቶቹ ላይ አነብባታለሁ። ፊቴን ለማየት ቀና አለ። ምን ላድርግ? አፌን ከፈትኩና መሸኛውን እኔው አልኩት። ከሙሽርነቴ ወዲህ ብዬው አላውቅም፣ ለሙሽራ ነው እንጂ ሙሽራ ለራሷ አትለውም። ጣቱ ሲፈጥን እፈጥናለሁ፣ ሲዘገይ እቆያለሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ። ሱሌይማን የሁሉንም አፍና እጅ ሲያይ፣ በሱ ዜማ የሚዘፍኑ መስሎት ላቡ ከእንባው ተቀላቀለ። እውነትም በሱ ዜማ ነው የዘፈንነው።

ሲጨርስ «ተሰማሽ?» አለኝ።

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ተሰማኝ» አልኩት። ፊቴን ትኩር ብሎ ነበር የሚያየው፤ ይየው። አልዋሸሁትም።

አሁን የምለምንሽ አለኝ። ሱፍዋን «አዲስ አበባ ሙጫ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ሐያት ታስጠግነዋለች» ይለኛል። አታስጠግኚው ልጄ። ከተጠገነ ይከብደዋል፤ ከከበደው እስካሁን ድምፅ እንዳልነበራት ያውቃል። አሁን በየማታው መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ደጅ እንወጣለን፣ እሱ ይጫወታል፣ እኔ እዘፍናለሁ። ድምፄ ተሰባብሯል፣ ጎረቤት ያፍርልኛል። እሱ እንደሆነ አይሰማም።

ለመውሊድ ነይ ብሎ ሊጠራሽ እንደሆነ ሱፍዋን ነግሮኛል፤ ነይ። ስትመጪ ሰምቼ ልፍረድ እንዳትዪ፣ አብረሽ በዪ። ግጥሙን እስከዚያ አጥኚው፦

ይሞቃል ቢሉሽም፣ ወሬውን አትስሚ፣
ጥላ አለ ከጎንሽ፣ ደገፍ ብለሽ ቁሚ።

እናትሽ ነዒማ